ሩብ ሰዓት ከጥንጁቱ ፊት

በዘጠኝ ዓመቴ የእናቴ ጠባቂ ነበርኩ። ሥራውን የሰጠኝ አባቴ ነው። አንድ ማለዳ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሽንኩርት ማሳው ሊወርድ ሲል በሩ ላይ ቆመና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሔዋንዬ፣ እናትሽ የከተማ ልጅ ናት። የኛን አገር መንገድ አታውቀውም፣ ይጠፋታል። ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳትነቅዪ። ማታ የዋለችበትን ትነግሪኛለሽ፤ እሺ?»

እሺ አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አረማመዴ ሁሉ ተለወጠ። የሰፈራችን ልጆች ጥጃ ይጠብቃሉ፣ ከማሽላ ላይ ወፍ ይጠብቃሉ። እኔ እናት እጠብቃለሁ።

ቤታችን ከግራና ገበያ ወጣ ብሎ፣ ድንጋያማ ኮረብታ ሥር ነበር። እናቴ አዜብ የወልዲያ ነጋዴ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለአባቴ ለይታገሱ ተድራ ስትመጣ አምባር፣ ጃንጥላና አንድ ሣጥን ልብስ ይዛ ነበር። ጃንጥላው ሲዘረጋ አይቼ አላውቅም፤ የምትወጣበት ቦታ አልነበረማ። ውሃ አባቴ በአህያ ያመጣል፤ ገበያም የሚሄደው እሱ ነው። እኔ ጠዋት ስማር በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ግን አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጋር ይታሰራል። በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፍቼ እገባለሁ። ለምን እንደሚቆለፍ ስጠይቅ አባቴ «ጅብ እንዳይገባባት» ብሎኛል። ጅብ በቀን እንደማይመጣ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ማታ ማታ አባቴ እግሩን ታጥቦ ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ ያወጣኛል። እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«እህ፣ እናትሽ ዛሬ እንዴት ዋለች?»

እነግረዋለሁ። ልብስ አጠበች። ፀጉሯን ሦስት ጊዜ ፈታችና ሦስት ጊዜ ሠራችው። በአጥሩ ቀዳዳ መንገዱን ስታይ ቆየች። አባቴ ዝም ብሎ ይሰማኝና ሸንኮራ ልጦ ይሰጠኛል። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች። በዓለም ላይ እንደኛ የሚዋደድ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ናጅዋ የመጣችው መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ እየመራት ነው። የመርሳ ልጅ ናት፤ ለዩኒቨርሲቲ ማስተርሷ የሚሆን ጥናት ይዛ፣ የዱር አበባን ዘር የሚያስቋጥሩት የትኞቹ ነፍሳት እንደሆኑ ልታይ ነበር የመጣችው። ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ በጥንጁት ተሸፍኗል። ሰው ጥንጁትን የሚያውቀው ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። እሷ ግን አበባውን ፈልጋው ነበር።

«ከጎኔ ሆና የምትቆጥርልኝ አንዲት ሴት ብትገኝ» አለች፤ እናቴን በአጥሩ ቀዳዳ እያየቻት።

አባቴ ጢሙን አሻሸ። ሊቀመንበሩ ፊት እምቢ ማለት ከበደው። ኮረብታው እታች ከማሳው ሆኖ ቀና ቢል ይታየዋል። ወደኔ ዞር አለና፣ «ልጄ አብራት የምትውል ከሆነ ይሁን» አለ። በኩራት የማደርገው ጠፋኝ።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና እኔ ኮረብታውን ወጣን። እናቴ ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ ድንጋዩን በእጇ እየነካች ትወጣ ነበር። ከግቢያችን ወጥታ ያየኋት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ መንገድ የሚጠፋባት መሆኗን በዓይኔ ያረጋገጥኩ መሰለኝ።

ናጅዋ ቀድማን ደርሳ ነበር። አንዳንዱን የጥንጁት ቅርንጫፍ በነጭ ስስ መረብ ከረጢት እየሸፈነች ሥሩን በክር ታስራለች። የታመሙ አበቦች መሰሉኝ። የሰው ዓይን እንዳያያቸው የተሸፈኑ፣ እንደ አራስ።

«እቴ ናጅዋ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑ። ንብ እንዳትደርስባቸው ነው።» ተንበርክካ ያልተሸፈነ ቅርንጫፍ አሳየችኝ። አበቦቹ ግንዱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ከበውታል። «ይኸውልሽ፣ ንቧ ጣፋጩን ፍለጋ በአበባው አፍ ትገባለች። ስትገባ አበባው ጀርባዋ ላይ ዱቄቱን ይነሰንስባታል። ያን ተሸክማ ወደ ሌላው አበባ ትሄዳለች፤ ዘር የሚያዘው በሷ ነው። እሷ ግን መሸከሟን አታውቅም።»

«አታውቅም?»

«ወላሂ አታውቅም። ሆዷን ብቻ ነው የምታስበው።»

እናቴ በመረብ የተሸፈነውን ቅርንጫፍ ይዛ ነበር። «ይሄስ?» አለች።

«እሱ ያብባል። ዘር ይቋጥር አይቋጥር ግን የምናየው ነው። አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ያብባል?»

ናጅዋ የቋጠረችውን ክር ፈትታ እንደገና አጠበቀችው። ሁለቱ ትንሽ ተያዩ፤ ከዚያ ወደ ቆጠራው ገቡ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነበር። አንድ አበባ ፊት ሩብ ሰዓት ትቀመጫለሽ። አርፎ ውስጥ የገባውን ሁሉ በየስሙ በመስመር ትመዘግቢያለሽ፤ ዞሮ የሄደውን ትተዪዋለሽ። ንብ፣ ጣዝማ፣ ተርብ፣ ቢራቢሮ፣ ጢንዚዛ፣ ዝንብ። እናቴ ትቆጥራለች፤ እኔ እሷን እቆጥራለሁ። ስንት ጊዜ ተነሳች፣ ስንት ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ ገርሞኝ ነበር፤ ጥርሷ እንደዚያ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ እናቴ «ሽንቴን ልሽና» ብላ ተነሳች። ዓይኔን ከሷ ላይ እንዳልነቅል ስለታዘዝኩ ቀስ ብዬ ተከተልኳት። ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ ቆማ በእጇ ጆሮዋን ይዛለች። ብቻዋን ታወራለች። አንዳንዴ ዝም ትላለች፣ አንዳንዴ ታለቅሳለች። ደንግጬ ተመለስኩ። ናጅዋ አየችኝ፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አስታውሳለሁ።

ማታ አባቴ ሲጠይቀኝ፣ «እማዬ ጆሮዋን ታማለች» አልኩት።

«ጆሮዋን?»

«አዎ። ጫፉ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ይዛ ብቻዋን ታወራለች። ታለቅሳለችም። ሐኪም ቤት ውሰዳት።»

አባቴ ከጉልበቱ ላይ በቀስታ አወረደኝ። ሸንኮራውን ልጦ ሰጠኝ፤ ሁለት አንጓ። «ጎበዝ። ሂጂ አሁን ተኚ» አለኝ።

በማግስቱ የእናቴ ግራ ጆሮ አብጦ፣ ጉንጯም ጠቁሮ ነበር። ሕመሙ ስለባሰባት አዘንኩ። ለአባቴ መንገሬ ግን ጥሩ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት፤ ባልነግረው ኖሮ ማን ያውቅላት ነበር? የሞቀ ጨርቅ ይዤ ጆሮዋ ላይ ላደርግላት ስሄድ እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለአባትሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። እጄን ሳመችው። እንዳመሰገነችኝ ነው የገባኝ።

በአካባቢያችን የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ እንደነበር፣ በናጅዋ ስልክ የምታናግረውም እናቷን እንደነበር ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እናቷን ካናገረቻት ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ግራ ጆሮዋ ዛሬም በደንብ አይሰማም። ስታናግሯት በቀኝ በኩል ነው የምትቆሙት።

አሥር ቀን ያህል በሩ ተዘጋ። ናጅዋ መጥታ ስታንኳኳ አባቴ «ታማለች» ብሎ ይመልሳታል። እናቴ ግድግዳውን ደገፍ ብላ ትቀመጣለች፤ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባውን ጨረር ስትከተል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እስኪሄድ አብራው ትዞራለች። ቤቱ ውስጥ አየር ያነሰ ይመስለኝ ነበር። ልወጣ ስል ቁልፉ አንገቴ ላይ ይከብደኛል፤ ለምን እንደከበደኝ ግን አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ናጅዋ አባቴን ማሳው ድረስ ወርዳ አነጋገረችው። እኔ ቦዩ ዳር ነበርኩ።

«አባባ ይታገሱ፣ ልጅቷ ትቁጠርልኝ» አለችው። «ዓይኗ ስለታም ነው። ብቻዋን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ግን ይከብደኛል፤ እናቷ ከጎኗ ትሁን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ወረቀቱን እወስዳለሁ እንጂ አልመጣም።»

አባቴ አካፋውን ተደግፎ አሰበ። «ስልክሽስ?»

«እኔ ከሌለሁ ስልኬ የት ይኖራል?»

ወደኔ ተመለከተ። እኔን ማመኑን ዓይኑ ውስጥ አየሁት። ሐሳቡ የእናቴ እንደነበረ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ለናጅዋ በሹክሹክታ የነገረቻት እሷ መሆኗን ግን አላየሁም። ለካ ኮረብታው ላይ፣ የመረብ ከረጢቶቹ ከሚቀመጡበት ጆንያ ሥር፣ ናጅዋ ለእናቴ አሮጌ ስልክ ደብቃላት ነበር።

በዚህ ዓይነት ቆጣሪ ሆንኩ። ናጅዋ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ሩብ ሰዓት ሲሞላ የሚጮህ ትንሽ ነጭ ደወል ሰጠችን። ደወሉን እናቴ ትጠመዝዝና መቀነቷ ውስጥ ከታ ከኋላዬ ትቀመጣለች። እኔ ጥንጁቱ ፊት በሆዴ እተኛለሁ።

«ደወሉ ሳይጮህ ዓይንሽን ካነሳሽ ሩብ ሰዓቷ በሙሉ ተበላሸች ማለት ነው» አለችኝ እናቴ። «ሰው ቢጠራሽም አትዙሪ። እኔ ብጠራሽም።»

አልዞርኩም። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ቅጠልና ሙቀት ብቻ። ከዚያ ንቧ ትመጣለች። አፉ ላይ ታርፋለች፣ ትገባለች፣ የኋላዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ስትወጣ ጀርባዋ ዱቄት ለብሷል። ጣዝማዋ ከትንኝ አትበልጥም፤ ተርቡ ቁጡ ነው፣ ሌላውን ያባርራል። አንድ ጥቁር፣ ክንፉ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ፣ እንጨት የሚበሳ ትልቅ ንብ ነበር፤ ሲያርፍ ቅርንጫፉ ወደ መሬት ይጎብጣል። በመረብ የተሸፈኑት ላይም ያርፋሉ፤ መረቡን በእግራቸው እየዳሰሱ ይዞራሉ፣ ይሄዳሉ። ደወሉ ይጮሃል፤ እዞራለሁ፤ እናቴ አለች፤ አንዳንዴ ከሮጠ ሰው እኩል ትተነፍሳለች። «ፀሐዩ ነው» ትለኛለች። እንደገና ትጠመዝዘዋለች።

ማታ ለአባቴ የምነግረው በዛ።

«በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ንብ አሥራ አራት፣ ጣዝማ ስድስት፣ ተርብ አንድ። በሁለተኛው ንብ ዘጠኝ፣ ነጭ ቢራቢሮ ሁለት፣ አባዬ አንዷ ግን ገባች ወይስ አልገባችም አላወቅኩም...»

መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ማዛጋት ጀመረ።

«እናትሽስ?»

«ከኋላዬ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ደግሞ...»

«በቃ፣ በቃ ልጄ። ደክሞኛል።»

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር። አፌን በንብ የሞላችው እሷ መሆኗን እኔ በምን አውቃለሁ?

አንድ ቅዳሜ ናጅዋ ወረቀቱን ልትወስድ ስትመጣ ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ዞሬ አይደለም፤ ጆሮዬ ግን ክፍት ነበር።

«ቀጠሮው ለአሥራ ሰባት ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለች ናጅዋ። «ካልቀረብሽ መዝገቡ ይዘጋል። እንደገና መክፈት ደግሞ...»

«እንዳይዘጋ» አለች እናቴ። «እሷንስ?»

«አብራሽ ልትወጣ አትችልም፤ ከልጅ ጋር ሳትርቂ ይደርስብሻል። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ደወሉ ሲጮህ ናጅዋ ሄዳ ነበር። «እማዬ፣ መዝገቡ ለምንድነው የሚዘጋው?» አልኳት። እናቴ ደወሉን መጠምዘዟን አቆመች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን የቆጠራ ወረቀት አየች።

«በደንብ ካልተቆጠረ ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ለኔ መዝገብ ማለት አንድ ብቻ ነው፤ የንቦቹ። እንዳይዘጋብን ብዬ ከዚያ ወዲህ ስቆጥር ትንፋሼን እስከመያዝ ደረስኩ። ሌላው መዝገብ መርሳ ፍርድ ቤት የተከፈተ የፍቺ መዝገብ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዝርዝሩን የጨመረችልኝ ናጅዋ ናት። አሁን መርሳ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ልጇ ታማባት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ዳግም ተገናኘን። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አስታርቆ እናቴን ወደዚያው ቤት እንደመለሳትም ከሷ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ግን ማንም ሳያያት ወጥታ ዳኛ ፊት መቆም ነበረባት።

ጥቅምት አሥራ ስድስት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ፀጉሯን ሠርታ፣ አዲስ ቀሚሷን ከአሮጌው ሥር ለብሳ ጠበቀችኝ። «በርዶኛል» አለች። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ዳቦና ውሃ አስቀመጠችልኝ። ዘወትር ከምንቀመጥበት ራቅ ያለ፣ አበባው የበዛ ጥንጁት መረጠች። ተኛሁ። መቀነቷን ስታላላ፣ ስታጠብቅ ሰማሁ። እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች፤ ከባድ ነበር፣ ትኩስም። ብዙ ቆየ።

«ጀምሪ» አለች።

ጀመርኩ። ንብ። ንብ። ጣዝማ። ንብ። የመጀመሪያው ረድፍ ሞላ። ደወሉ አልጮኸም። ዛሬ ሩብ ሰዓቷ ረዘመች አልኩ በሆዴ። ተርብ። ንብ። አንገቴ ደነዘዘ። አንዲት ጉንዳን በክርኔ ወጥታ እጅጌዬ ውስጥ ገባች፤ ነከሰችኝ፣ አልተነቃነቅኩም። «እማዬ?» አልኩ፤ አልመለሰችም። ዞር ብል መዝገቡ ይዘጋል። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ። ጥላዬ ከጎኔ ነበር፤ ረዘመ፣ ጥንጁቱ ላይ ወጣ፣ አበባውን አለፈው። ሽንቴ መጣ፤ ቻልኩት። መቻል ሲያቅተኝ እንደተኛሁ ለቀቅኩት፤ ዓይኔን ግን አላነሳሁም። ንቦቹ እየሳሱ መጡ፣ ቀሩ። አበባው ግራጫ ሆነና ከቅጠሉ መለየት ሲያቅተኝ፣ ያን ጊዜ ዞርኩ።

ማንም የለም።

መጀመሪያ የመጣልኝ አባቴ ያለኝ ነው፤ መንገድ ጠፍቷታል። ጥፋቱም የኔ ነው። ዓይኔን ነቅያለሁ። እየጮኽኩ ኮረብታውን ዞርኩት፤ ድንጋይ መታኝ፣ እሾህ ያዘኝ። ቁልቁል ስሮጥ አባቴን ከማሳው ሲመለስ አገኘሁት።

«እማዬ መንገድ ጠፋት» አልኩት።

አካፋውን ጣለው። ትከሻዬን ያዘ፤ የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዓይንሽ የት ነበር?»

«አበባው ላይ።»

ትከሻዬን ለቀቀ። ከዚያ መንገዱ መሃል ተቀመጠ። አባቴ መሬት ላይ እንዲያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። አልመታኝም፤ አልጮኸም። እጄ ውስጥ የተጨማደደውን ወረቀት ወስዶ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያየ፣ ማንበብ የማይችለውን ነገር እንደያዘ ሰው ቆየ።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ከትምህርት ቤት መልስ ኮረብታውን እየወጣሁ ጠራኋት። ናጅዋም ዳግም ስላልመጣች ከረጢቶቹን የሚፈታቸው ጠፍቶ ቅርንጫፎቹ ላይ ቀርተው ነበር፤ ነፋስ ይነፋቸዋል። ሰው ሁሉ የት እንዳለች ያውቃል፤ ለኔ ግን የነገረኝ የለም። አባቴ አፉን ዘግቷል፤ ጎረቤት ደግሞ ሲያየኝ ወሬውን ይለውጣል። ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። በሩ ከዚያ ወዲህ አልተቆለፈም፤ እኔ ግን ቁልፉን ከአንገቴ አላወለቅኩትም። ቢፈታ የምትመጣበት መንገድ ይበልጥ የሚጠፋባት ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ፍርዱ አለቀና ለእናቴ ተሰጠሁ። አባቴ ልብሴን ራሱ አጥቦ በጨርቅ ቋጠረልኝ፤ መርሳ ድረስ አምጥቶ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። በመስኮቱ ሥር ቆሞ ሊናገር አፉን ከፈተና ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ተወው። ዛሬ አርጅቷል። ልጠይቀው ስሄድ ሽንኩርት በጆንያ ሞልቶ ይሸኘኛል። እወደዋለሁ፤ ይህን ስል እናቴ ፊቷን እንደማታዞርም አውቃለሁ።

ወልዲያ፣ አያቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። በሕይወት አለች። መንገድ አልጠፋትም፤ አስፋልቱን ተሻግራ እየሮጠች መጣች። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። ደርሳ እጇን ስትዘረጋ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣

«እንደምን ዋሉ?» አልኳት።

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። እንግዳ ሰው፣ ትልቅ ሰው፣ የማላውቀው ሰው የምለውን ነው ያልኳት። ቀስ ብላ እጆቿን አወረደች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። «እንደምን ዋልሽ፣ ሔዋን?»

አራት ዓመት አንቱ አልኳት። ምሳ ቀረበልዎ፣ ደብተር ይግዙልኝ፣ ደህና ይደሩ። አያቴ ልትገሥጸኝ ስትነሳ እናቴ «ተያት» ትላለች። አንድ ቀንም አልለመነችኝም።

አሥራ ሦስት ሲሞላኝ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እያጠፍን ሳለ ለሁለት ቀን ደሴ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ዕቃ ልታመጣ ነው። ከአያትሽ ጋር ትሆኛለሽ አለችኝ። የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ።

«አሁንም ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

የጮኽኩ አልመሰለኝም፤ ግን ከውጭ የቆመ ሰው ዞሮ አየን። እናቴ በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ቀኝ ጆሮዋን ወደኔ አዞረች።

«እንደገና በዪው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ልክ እንደ ቅድሙ ጠይቂኝ።»

ጠየቅኳት። ደሴ አልሄደችም፤ ሱቁን ከውስጥ ዘጋችና አጠገቧ አስቀምጣ፣ ከድንጋዩ ላይ ስልክ እስከ መጨረሻው ደወል፣ ሁሉንም ነገረችኝ።